የደህናው እግር ውሸት

ሰው ሲያፈቅር አበባ አበባ ይሸተዋል ይባላል፤ እኔን የሸተተኝ ቀለም ነው። የእኛ ቡድን የቀለም ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ የቅርጫት ኳስ አዳራሹም የተሠራው ከፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ጎን ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሽታው በመስኮት ይገባና እንግዳውን ቡድን ራሱን ያዞረዋል፤ የእኛ ልጆች ግን ለምደውት ጉዳያቸውም አልነበረም። ዛሬ ያ አዳራሽ የጆንያ ማከማቻ ሆኗል አሉኝ። ሄጄ አላየሁትም። አንዳንድ ቦታ እንደነበረ ሆኖ ሆድ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

እኔ የቡድኑ ወጌሻ ነበርኩ። አባቴ የፋብሪካው ባለቤትም የቡድኑ ፕሬዝዳንትም ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ በአባቷ ጉልበት የገባች እያለ ያማኝ ነበር። አልፈርድባቸውም። አባቴ ለትምህርት የላከኝ ሒሳብ ተምሬ የፋብሪካውን ሥራ እንድረከበው ነበር፤ እኔ ግን የሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ማከም ተምሬ መጣሁ። ሲያኮርፈኝ ከረመና በመጨረሻ፣ ከሰው እግር ሥር ካልጠፋሽ እንግዲህ ከራሴ ልጆች እግር ሥር ሁኚ ብሎ ቡድኑ ውስጥ አስገባኝ።

እሱ ደግሞ መሰላል ነበር። የወጣለት ስም እንኳ አይደለም፤ ግን እናቱ ሳትቀር እንደዚያ ነው የምትጠራው። ልጅ ሳለ ጎረቤቱ ሁሉ አምፖል በተቃጠለበት ቁጥር ወንበር ከመፈለግ እሱን መጥራት ይቀለው ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪው ባጠረ ቁጥር ከታች ጨርቅ እየቀጠለች ነው ያሳደገችው፤ የቀጠለችው ጨርቅ ቀለሙ ገጥሞ እንደማያውቅ እሱ ራሱ እያወራ ያስቀን ነበር። ሲስቅ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፤ አጭር በር የሚገባ ነው የሚመስለው።

ከጨዋታ በፊት የሁሉንም ቁርጭምጭሚት በፋሻ የማስረው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሲታሰሩ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ፋሻው ጠበቀ ላላ እያሉ ይነዘንዙኛል። እሱ ዝም ብሎ እጄን ያያል። ቀና ስል ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ይሰደዋል፤ ለእሱ ደግሞ ኮርኒስ ቅርብ ነው። እኔም ብሆን ሌላውን አስሬ ለመጨረስ የሚፈጅብኝን ጊዜ እጥፍ እሱ ላይ እፈጅ እንደነበር የታወቀኝ፣ አንዱ ተጫዋች "ወጌሻዬ፣ ይሄ ልጅ ሦስት እግር አለው እንዴ?" ብሎ ሲያሳፍረኝ ነው።

ቡድኑ እሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኳስ ያገኘ ሁሉ ለእሱ ያቀብላል፣ እሱ ያስገባል፤ አለቀ። አሠልጣኛችን፣ ሁላችንም ኮች የምንለው አንድ እግሩ የሚያነክስ ሰው፣ የእኔ ሥራ መሰላሉን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ብቻ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። በዚህ ቀልድ እየሳቅን የውድድር ዘመኑ ተጋመሰ። አንደኛ ነበርን። አባቴ ዋንጫው የሚቀመጥበትን ቦታ ቢሮው ውስጥ አዘጋጅቶ ጨርሷል።

ያቺን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዛሬም አልረሳትም። የተጋጨውም የጠለፈውም ሰው የለም። እንደ ወትሮው ዘሎ ኳሱን አስገባ፣ ሲወርድ ቀኝ እግሩ መሬት ነካ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ቁጭ አለ። አልጮኸም። አዳራሹን የሞላው ሠራተኛ ኳሱ በመግባቱ እያጨበጨበ ነበር፤ ጭብጨባው ሳይበርድ እኔ አጠገቡ ደርሻለሁ። እጄን ጉልበቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ምንም አይደለም በይኝ አለኝ። እኔም የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ምንም አይደለም አልኩት። ሊነሳ ሲሞክር ግን እግሩ አልታዘዘውም።

ሐኪሙ ጅማቱ እንደተቀደደ ግን እንዳልተበጠሰ፣ በትዕግሥት ከያዘው ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚድን ነገረን። ሳይድን ሜዳ ከገባ ግን ጨርሶ ይበጠሳል፤ ከዚያ ወዲያ መጫወት ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ያስቸግረዋል። መሰላል ትዕግሥት የሚለውን ቃል ሲሰማ ጥርሱ ሊነቀል እንደተቀመጠ ሰው ፊቱን አኮማተረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የፋብሪካው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ተሸነፍን። ደግሞ ተሸነፍን። ልጆቹ ኳስ ሲይዙ ዓይናቸው እሱን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ጫፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እንዲያውም አንዱ በጭንቀት መሀል ለምዶበት ኳሱን በቀጥታ ወደ መሰላል ወንበር ወረወረለት። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። መሰላል ኳሱን ተቀብሎ ታቀፈው፤ ዳኛው መጥቶ እስኪወስድበት ድረስ አለቀቀውም። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኮች ቢጨንቀው አንድ አጭር ልጅ አስገባ። ፖስተኛው እንለዋለን፤ ኳስ በየሰው ደጃፍ ያደርሳል እንጂ እሱ ራሱ እምብዛም አይወረውርም። ኮች ልጆቹን ሰብስቦ፣ መሰላል ከሌለን ተሸካክመን እንወጣለን እንጂ ታች አንቀርም አላቸው። ቀስ በቀስ ኳሷ በአምስቱም እጅ መዞር ጀመረች። መጀመሪያ በጭንቅ አሸነፍን፣ ከዚያ ለምደን አሸነፍን፤ ድሮ ኳስ አቀብለው ቆመው ያዩ የነበሩ ልጆች ወደ ቅርጫቱ መሮጥ ተማሩ። ሠራተኛው ፖስተኛውን እያቀፈ ወደ ላይ መወርወር ጀመረ። መሰላልም ያጨበጭባል። ከልቡ ነበር የሚያጨበጭበው፤ ብቻ ካጨበጨበ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያያል።

ለእኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ጊዜ የሕይወቴ ምርጥ ጊዜ ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ሌሎቹ ለልምምድ ሳይመጡ፣ የሕክምናው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። በረዶ አስርለታለሁ፣ ጉልበቱን አጥፌ እዘረጋለሁ፣ ጭኑን ጨምቅ፣ ልቀቅ እለዋለሁ። ሲያመው አይናገርም፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ይይዛል። እኔም አፉን ትቼ ጣቶቹን እያየሁ አቀልለት ነበር። በዚያው ቋንቋ ተግባባን። አንድ ቀን የአልጋውን ጠርዝ ትቶ የእጄን አንጓ ያዘኝ። አመመህ ወይ ስለው፣ ዛሬስ አላመመኝም አለ። አልለቀቀኝም፤ እኔም ልቀቀኝ አላልኩም። ውጭ መኪናው ቀለም ሲጭን፣ ሰው ሲጠራራ፣ በርሜል ሲንከባለል ይሰማኛል፤ ያን ሁሉ ድምፅ ዛሬም እንደ ዘፈን ነው የማስታውሰው።

እናቱ አንድ ቀን ነጭ የሥራ ጋዋን ሰፍታ ላከችልኝ። ልጄን እያሸሽ የአንቺ ልብስ ለምን ይበላሻል ብላ ነው። መቀስና ፋሻ መያዣ ኪሶች በልኩ አውጥታለታለች። ለብሼው ሳልጠግብ አባቴ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየኝና ማን እንደሰፋው ጠየቀኝ። ነገርኩት። አባቴ ነገር የሚገባው ሰው ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ መሰላል ክፍሉ ውስጥ በረዶ ታስሮለት ተኝቷል። አባቴ ይህን እያወቀ፣ ድምፁን ዝቅ እንኳ ሳያደርግ፣

"ልጁን ለቡድኔ እንጂ ለቤቴ አላመጣሁትም" አለ።

ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ በማግስቱ ልጁን ከነጉልበቱ ከቡድኑ እንደሚያስወጣው አውቃለሁ። ክፍሉ ስገባ መሰላል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ የተኛ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። በረዶውን ስፈታለት እጄን አላየም።

ለፍጻሜ ደረስን። ወሬውም አብሮ ደረሰ፤ ከውጭ አገር አንድ ትልቅ ክለብ የፍጻሜውን ጨዋታ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ይልካል። ማንን ሊያዩ እንደሚመጡ ሕፃንም ያውቃል። ከጉዳቱ በፊት ጀምሮ ሲጠይቁ የነበሩት ስለ መሰላል ነው። እሱም ከሰማ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። እናቱ ዓይኗ እየደከመ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ተስኗት ነበር፤ እሄድና ከዚያ የስፌት መኪና ላይ አስነሳታለሁ ይላል። ድኛለሁ፣ ፈትኑኝ ይላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ የምጨብጠው ጉልበት እንዳልዳነ እጄ ይነግረኛል።

ፈተናው ቀላል ነገር ነው። ተጫዋቹ ጣቱን የጠመኔ ዱቄት ውስጥ ይነክርና ከግድግዳው ጎን ቆሞ በአንድ እግሩ ወደ ላይ ይዘላል፤ ጣቱ የነካበት ቦታ ምልክት ይቀራል። ከዚያ በሌላው እግሩ ይዘላል። የታመመው እግር ምልክት ደህናው እግር ከተወው ምልክት ጋር ከተቀራረበ፣ ድኗል ማለት ነው። ውጤቱን አይቶ ይግባ ወይም አይግባ የሚለው ወጌሻው ብቻ ነው። ኮች ሲቀጠር ከአባቴ ጋር የተስማማው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ የእሱን ጉልበት ወጣት ሳለ የበላችው "እችላለሁ" የምትል የገዛ ራሱ ቃል ናትና።

አባቴና ኮች እያዩ መሰላል ጣቱን ጠመኔው ውስጥ ነከረ። በቀኙ ዘለለ። ከዚያ በደህናው፣ በግራው ዘለለ። ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን፣ መንታ ወንድማማች መስለው ተቀመጡ። አባቴ እጁን አጨብጭቦ፣ ይሄው፣ ዳነልን አለ። ኮችም ፈገግ አለ።

እኔ ግን ግድግዳውን አልነበረም የማየው። መሰላልን ነው። ይህ ሰው በዘለለ ቁጥር፣ ልምምድም ይሁን ፍጻሜ፣ መሬት ሲነካ ቀና ብሎ የት እንደደረሰ ያያል፤ እንደ ሕፃን ልጅ። በግራው ዘሎ ሲወርድ ግን ቀና አላለም። መሬት መሬት ነው ያየው። ያኔ ገባኝ። የታመመውን እግር ከፍ ማድረግ ስላቃተው፣ ደህናውን ዝቅ አድርጎታል። በሙሉ ጉልበቱ አልዘለለበትም። ያን የሚያክል ግራ እግር ይዞ እንደ ሽማግሌ ነው የዘለለው።

ኮች ቃልሽን እንጠብቃለን አለኝ። ብናገር ልጁ ዋሾ ተብሎ ነው የሚወጣው፤ ፈተና ያጭበረበረ ተጫዋች ከቡድኑ ይሰናበታል፣ ወሬውም ከውጭ ሰዎቹ ጆሮ ይደርሳል፣ ጉልበቱ ቢድንም ስሙ አይድንም። ዝም ብዬ ይግባ ብል እግሩን መቅበሬ ነው። 

"አይገባም" አልኩ።

አባቴ ምልክቶቹ እኩል አይደሉም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኩል ናቸው አልኩት። ታዲያ ምክንያትሽ ምንድን ነው አለኝ። ዓይኔ ነው አልኩት። አባቴ እኔን አየኝ፣ መሰላልን አየ፣ ከዚያ በሰው ፊት፣ ልጄ ያየሽው በዓይንሽ ነው ወይስ በልብሽ ብሎ አዋረደኝ። ኮች ብቻ እያነከሰ ወደ በሩ ሄዶ፣ ቃል ቃል ነው፣ አይገባም ብሎ ወጣ።

መሰላል ከመጋዘኑ ጎን ባለው ደረጃ ላይ ደረሰብኝ። ደረጃውን ሲወርድ የብረቱን መደገፊያ መያዙን ራሱም ልብ አላለውም።

"ለምን?" አለኝ።

"ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የዋሸኝ የታመመው እግርህ አይደለም፤ ደህናው ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው ግን እልህ ያዘው። "ብዋሽስ? ጉልበቱ የማን ነው? እናቴ ክር ለማስገባት ጎረቤት ስትለምን አይቼ ልቀመጥ?"

"አንዴ ክፉኛ ብትረግጥበት . . ."

"ተይ። ነገሩ የእግር አይደለም።" ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "አባትሽ ለቤቴ አላመጣሁትም ሲል ምላስሽ የት ነበር? ተኝቼ አልነበረም፣ ሰምቻለሁ። ያን ቀን አፍ አልነበረሽም። ዛሬ ልሄድ ስል አፍ አወጣሽ። ለቤታችሁ አልሆንም፤ ልሂድ ስልም አትለቂኝም። እንደ ዕቃ መጋዘን ልታስቀምጪኝ ነው?"

የምለው ሞልቶ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ነገ ጠዋት ለበረዶው እንዳትቀር የሚል ብቻ ነው። እሱም የወጌሻ ችግር የለብኝም ብሎኝ ሄደ። ሲሄድ ሳየው፣ ለቀኝ እግሩ እየሳሳ ነበር የሚረግጠው። ያን ጀርባ ተከትዬ ብሮጥ ኖሮ ብዬ የማስብበት ጊዜ ዛሬም አለ፤ ግን እሱን ለራሴ ከመያዝ እግሩን ማዳን ይበልጥብኝ ነበር፤ ፍቅሬም ያው ነበር።

ፍጻሜውን እሱ እናቱ በሰፋችለት ኮት ሆኖ ከተቀያሪ ወንበር ጫፍ አየ። እኔ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነኝ። በመካከላችን ያለው ወንበር ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ልጆቹ ግሩም አድርገው ተጫወቱ። ፖስተኛው ኳሷን እንደ ክር ያሾልካት ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ትንፋሽ ሲቀረው በአንድ ነጥብ ብቻ እየተመራን ሳለ፣ ፖስተኛው ኳሷን ለመሀሉ ልጅ አቀበለው፣ እሱም ወረወረ፤ ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ዞራ ዞራ ወደ ውጭ ወደቀች። እጁ የሚረዝም ሰው ቢኖር መልሶ ያስገባት ነበር። ይህን ያልተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም በሆዴ ተናግሬዋለሁ።

ሁለቱ እንግዶች ሊያዩ የመጡት መሰላልን ነበር፤ አስፈርመው የሄዱት ፖስተኛውን ነው። ምስኪኑ ፖስተኛ ሊሰናበተው ሲመጣ አፍሮ ማልቀስ ጀመረ። መሰላል አቅፎ ከመሬት አነሳውና፣ አንተ ልጅ፣ እዚያ ደግሞ ትንሽ ለራስህ ወርውር ብሎ አሳቀው። እኔ በመስኮት እያየሁ ጉልበትህን ተጠንቀቅ ብዬ ለመጮህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ ሐሜቱ እኔ ላይ ዘነበ። ለፍቅሯ ስትል ዋንጫችንን በላች ተባለ። ልጁ እንዳይሄድባት አሰረችው ተባለ። ቀለም የሚቀምሙት ሴቶች ሳልፍ ወሬ ያቆማሉ፤ የበሩ ዘበኛ በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ይለኝ የነበረው ሰማዩን ማየት ጀመረ። አባቴ ገበታ ላይ አያናግረኝም። በመጨረሻ፣ የውድድር ዘመኑ አብቅቶ ሠራተኛውና ቡድኑ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው በሚሰናበቱበት ቀን ከቡድኑ መልቀቄን እንደሚያስታውቅ በእናቴ በኩል ላከብኝ። እሺ አልኩ። ሁሉንም የሚያስቀርልኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ውጬ ነው እሺ ያልኩት።

ስብሰባው የተደረገው በፀሐይ፣ አዲስ ነጭ ቀለም በተቀባው የመጋዘን ግድግዳ ፊት ነበር። አባቴ ሠራተኛውን አመሰገነ፣ ኮችን አመሰገነ፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ተናገረ። ከዚያ የቡድናችን ወጌሻ ብሎ ሲጀምር ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ። አንዱ ድሮም ትባረር ብሎ ጮኸ። ጭንቅላቴን ደፋሁ።

ቀና ያልኩት ማጉረምረሙ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። መሰላል ከተጫዋቾቹ መሀል ወጥቶ ክፍት ከተተወ የቀለም ባልዲ ውስጥ ጣቶቹን ነክሮ፣ ሰማያዊ ቀለም እያንጠባጠበ ግድግዳው ጋ ቆሟል።

"ንግግር አላውቅም" አለ። "አንድ ነገር ግን ላሳያችሁ። የፈተናው ቀን ሁለቱ እግሮቼ እኩል ዘለሉ፤ ኮች አይቷል፣ ጋሼም አይተዋል።"

በቀኝ እግሩ ተነሳ። ሲወርድ በሁለቱም እግሮቹ ማረፉን ሳይ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ያስተማርኩትን አልረሳም። ነጩ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ምልክት ቀረ። ከዚያ በግራው ዘለለ። እንዴት እንደዘለለ ልገልጸው አልችልም፤ ያ ከጉዳቱ በፊት የምናውቀው ሰው ለአፍታ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው በላይ፣ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ተጠግቶ አረፈ። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የሚሞላ ነጭ ግድግዳ ቀረ። እሱም መሬት እንደነካ ቀና ብሎ አየው።

"በደህናው እግሬ ዋሽቻለሁ" አለ። "እሷ ባየችኝ ደቂቃ አውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ስድቡ የእኔ ነበር። እንደምታጋልጠኝ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ስትሰድቧት እየሰማሁ ስጠብቅ ከረምኩ። አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም።"

 ኮች እያነከሰ ግድግዳው ድረስ ሄዶ ታችኛውን ምልክት ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው፤ የራሱን የድሮ ጉልበት ያየ ይመስለኛል። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ነበር።

"ይህን ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"ብነግርህ ታባርረዋለህ አባዬ፣ ስሙም ይጠፋል። ዝም ብል ይጠላኛል። እየጠላኝም ቢሆን በሁለት እግሩ ይሂድ ብዬ ነው።"

ይህን ከተናገርኩ በኋላ እንባዬ መጣ። በስድቡ ጊዜ አንድም ቀን አላለቀስኩም ነበር። ቀለም ቀማሚዎቹ ሴቶች መሀል አንዷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ያ ትባረር ያለው ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ከኋላ ተደበቀ።

መሰላል መጥቶ ፊቴ ቆመ። የተነከረ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ከጎኑ ራቅ አድርጎ ይዞታል።

"ልጠላሽ ሞክሬ ነበር" አለኝ። "አልሆነልኝም።"

ሰው ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከእንግዲህ የሚወስደውም የሚፈልገውም ክለብ እንደሌለ፣ ቡድኑ ካላባረረው እዚሁ እንደሚቀር፣ ቢያባርረውም እዚሁ እንደሚቀር ነገረኝ። ይህን ሲለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ያ ዘለላ ለመጋዘን ግድግዳ አልነበረም የተፈጠረው።

"ማን አስቀረህ?" አልኩት። "እስኪድን አብረን እንሠራለን። ሲድን የሚጠራህ አይጠፋም፤ ያኔ ትሄዳለህ።"

"አንቺስ?" አለኝ። ድምፁ ያን ደረጃ ላይ የሰማሁት አልነበረም፤ ሜዳ ላይ ወድቆ ምንም አይደለም በይኝ ያለኝ ሰው ድምፅ ነበር።

"ወጌሻ የማያስፈልገው ቡድን የት አገር አለ?" አልኩት።

አባቴ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል። እኔ ግን ተናግሬ ስጨርስ ዞር ብዬ ፊቱን አላየሁም። በሕይወቴ አንድ ነገር ተናግሬ የአባቴን ፊት ሳላይ የቀረሁት ያን ቀን ነው። ያኔ የተሰማኝን ነገር ስም ላወጣለት ብዙ ዓመት ሞከርኩ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።